በሰመጠው መርከብ ሆድ ውስጥ

ቅዳሜ ውሃ ወደሞላው የድንጋይ ካባ ልትወርዱ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል። በዋና ገንዳ የተማራችሁት የመጥለቅ ትምህርት ይበቃችኋል፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የኔን ስሙ።

ኮቪድ ትንሽ ጋብ ያለበት ሰመር ነበር፣ 2021። እዚህ ኮሎምበስ፣ ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ፣ ኦቨርታይም ስሠራ ከርሜ አንድ ሳምንት ዕረፍት አገኘሁ። ሰብለ ያኔም ሊንደን ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከብ፣ አጭር፣ ንግግሯ ደግሞ ከቁመቷ ያጠረ ሴት ናት። ስኩባ፣ የአየር ታንክ አዝሎ መጥለቅን፣ የተማርነው አብረን ነው፤ እናንተ በምትሄዱበት ካባ ውስጥ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ነድተን ኖርዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ደረስን። እዚያ ዓሣ እንዲራባበት ሆን ተብሎ እንዲሰምጥ የተደረገ አሮጌ የጭነት መርከብ አለ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ። እኛ የመጣነው ላየንፊሽ የሚባል ዓሣ ለማደን ነው። ባለ ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፣ እሾሁ መርዝ አለው፣ የአካባቢውን ዓሣ ልጅ እየበላ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ያደነው ሰው ይመሰገናል እንጂ አይቀጣም። «ከቀይ ባሕር የመጡ ናቸው፤ ዘመዶቻችንን ልንገድል ነው» ብላ ሰብለ አሳቀችኝ።

ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሏል። ላስቲክ ያለው አጭር ጦር፣ ያደንነውን የምንከትበት የፕላስቲክ ጆንያ፣ ቢላዋ፣ መብራት ይዘናል። የወሰደን ጀልባ ካፒቴን ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ከመዝለላችን በፊት ጣቱን ቀስሮ «ከመርከቡ ውጪ የፈለጋችሁትን አድኑ። ውስጥ አትግቡ» አለን።

ወረድን። ሰብለ ቶሎ ቶሎ ሰባት ወጋች። እኔ ሁለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከነከነኝ። ያን ጊዜ በአንድ በር ጉበን ሥር ተዘቅዝቆ የተንጠለጠለ የትሪ ስፋት የሚያክል ላየንፊሽ አየሁ። ስጠጋው ወደ ውስጥ ሸሸ። ሰብለ መብራቷን ግራ ቀኝ አወዛወዘች፤ አትግባ ማለቷ ነው። አየኋት። እንዳላየ ሆኜ ገባሁ።

አንድ ጠባብ መተላለፊያ አልፌ ክፍል ውስጥ ደረስኩበት። ወጋሁት፤ ሳትኩት፤ ጦሩ ብረቱን መታ። ልዞር ስል እግሬ ወለሉን ነካ፣ የዓመታት ደለል እንደ ጢስ ተነሣ። መብራቴን ባበራ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ረጅሙን የመኪና መብራት እንደማብራት ሆነብኝ፤ ነጭ ግድግዳ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ወደ ኋላ ልመለስ ስል አንድ ነገር ከጀርባዬ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። የተጣለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ታንኬ ላይ ተጠምጥሟል። በታገልኩ ቁጥር ይጠብቃል። ግድግዳ ፍለጋ እጄን ስዘረጋ ጣቴ ላይ እሳት የተለቀቀብኝ መሰለኝ። የሸሸው ዓሣ አጠገቤ ነበር።

ጩኸቴን መተንፈሻው ዋጠው። የአየር መለኪያውን ጌጅ መነጽሬ ላይ ለጥፌ አነበብኩ። የታንኬ የአየር ግፊት ከሦስት ሺህ ተነሥቶ ዘጠኝ መቶ ቀርቶኛል፤ እንደዚያ እያለከለክሁ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሆነኝ። ጣሪያው ጭንቅላቴን ይነካል። ታንክ በቢላዋ ሲመታ እሰማለሁ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሰብለ ናት። ግን ውሃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከየአቅጣጫው ይመጣል። «ለምን አትገባም?» እያልኩ በልቤ ረገምኳት።

ከዚያ ካባው ውስጥ አስተማሪያችን መነጽራችንን ሸፍኖ ዕቃችንን ሲያስወልቀን ትዝ አለኝ። መታገሌን አቆምኩ። የመስመጫው እርሳስ ወገቤ ላይ ስለታሰረ ወደ ላይ አልንሳፈፍም። መተንፈሻውን በጥርሴ ነክሼ ታንኩን ከነማዘያው አወለቅሁት፣ ወደ ፊቴ አዞርኩት፣ በሚያቃጥል እጄ እየዳበስኩ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጥኩ። መልሼ ለበስኩት። ግን በሩ የት ነው? አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ለማድረግ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ፈራሁ። መብራቴን አጠፋሁ።

ጨለማው ወደቀብኝ። አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። በስተግራ በኩል፣ ከወፍራም መጋረጃ ኋላ እንዳለ ኩራዝ፣ አንድ ብርሃን ብቅ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ወደሱ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ትንሽ ጠንካራ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። ሰብለ ጌጄን አይታ ትርፍ መተንፈሻዋን ሰጠችኝ። ስንወጣ ሰውነታችን ከጥልቀቱ ግፊት እንዲላቀቅ አምስት ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ስንቆም ማዘያዬን አልለቀቀችም።

ጀልባው ላይ ካፒቴኑ እጄን የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ከተተው፤ መርዙን የሚያበርደው ሙቀት ነው። እኔ ግን አመሰግናለሁ አላልኩም። «ለምን አልገባሽም?» አልኳት።

«ብገባ ደለሉ እጥፍ ይሆን ነበር። መብራቱንስ ማን ይይዝልህ ነበር?»

ካፒቴኑ ወደኔ ዞረ። «ምልክት አልሰጠችህም?»

«አላየሁም» አልኩት። ሰብለ አየችኝና የጆንያዋን አፍ ማሰር ጀመረች።

ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ መኪናዋን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ዌስት ቨርጂኒያ መግቢያ ላይ ተራራ የሚበሳ ረጅም ዋሻ አለ። አፉን ሳየው የመርከቡ በር መሰለኝ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰብለ ወርዳ በኔ በኩል መጣችና መሪውን ተረከበችኝ።

«ዓይንህን ጨፍን። ስንወጣ እነግርሃለሁ።»

ውስጥ ገባን። የጎማው ድምፅ ግድግዳው ላይ ያስተጋባል። ዓይኔን እንደጨፈንኩ «አይቼሽ ነበር» አልኳት። «መብራቱን ስታወዛውዢ አይቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ለካፒቴኑ ለምን አልነገርሽም?»

«እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር» አለችና የጎማው ማስተጋባት ሲያቆም «ወጣን» አለችኝ።

ይኸውላችሁ፣ ይህች ጣቴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም፤ በጃንዋሪ የመጋዘኑ በር ሲከፈት ትጠዘጥዘኛለች። ዋሻ ውስጥም ብቻዬን አልነዳም። መውረዱን ግን አልተውኩም። ቅዳሜ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትገባላችሁ። ጓደኛችሁ አትግባ ካላችሁ ተመለሱ። ሳትሰሙ ገብታችሁ በሕይወት ከወጣችሁ ደግሞ፣ እንደኔ ተራራ ሥር እስክትገቡ አትጠብቁ፤ እዚያው ጀልባው ላይ፣ ሰው ፊት፣ «አይቼሽ ነበር» በሉ።