ሳህሉና የወለላ ካሴት

ሳህሉ ቀናተኛ ነበር። በሚስቱ እንኳ አይቀናም፤ ሚስቱን ማን አያት፣ ማን አነጋገራት ግድም የለው። የሚቀናው በድምፁ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቴፒ የሚወርድ አብራሪ ሁሉ ከሰማይ ሆኖ የሚሰማው የሳህሉን ድምፅ ነበር፤ እሱም ይህን እንደ አባቱ ርስት ይቆጥረው ነበር።

ሥራውን ግን ያውቅበታል፤ ይህን አልነፍገውም። ማረፊያው ያኔ ሣር ነው። አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ሳህሉ ቦት ጫማውን አጥልቆ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፣ ከብት ያባርራል፣ መሬቱን በተረከዙ እየደቃ ይፈትናል። ተረከዝ ከሰመጠ ጎማም ይሰምጣል። ከዚያ ሬዲዮው ዘንድ ተቀምጦ የነፋሱን፣ የደመናውንና የሜዳውን ነገር ለአብራሪው ይነግራል።

ታዲያ ወለላ የምትባል የማሻ ከተማ ልጅ የሬዲዮ ሥልጠናዋን ጨርሳ ከአዲስ አበባ መጣች። እዚያ በትልቁ ማረፊያ ይህን ሁሉ ሰው ተቀምጦ አይደጋግመውም። የአየሩ ሁኔታ በድምፅ ተቀድቶ፣ ለብቻው በተሰጠው ሞገድ ላይ ራሱን እየደገመ ይውላል። እያንዳንዱ ቅጂ አልፋ፣ ብራቮ እየተባለ በፊደል ይጠራል፤ አየሩ ሲለወጥ አዲስ ይቀዳል፣ ፊደሉም ይለወጣል። አብራሪው «ብራቮን ሰምቻለሁ» ካለ የትኛውን እንደሰማ ይታወቃል። ወለላ ይህንኑ ነገር ከመጋዘን ባወጣችው ትርፍ ሬዲዮና በአንድ አሮጌ ቴፕ ሠራችው። ደንቡም ቀላል ነበር፤ አየሩ ከተለወጠ ተረኛው አዲስ ይቀዳል።

አብራሪዎቹ ወደዱት። ይባስ ብሎ ድምፅዋን ወደዱት። «ይቺን ልጅ እስከዛሬ የት ደብቃችኋት ነው?» አለ ካፒቴን ይትባረክ አንድ ቀን፣ ያውም የቴፒ፣ የሚዛንና የቱም ማረፊያዎች በሚጋሩት የመነጋገሪያ ሞገድ ላይ። የሚዛኑ ሬዲዮ ሠራተኛ ቲቶ ወዲያው ገባበት፦ «ጋሽ ሳህሉ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?» የሳህሉ ቆሽት አረረ። ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

አንድ ቀን ወለላ ጠዋት አልፋን ቀድታ፣ «ሜዳው ደረቅ ነው» ብላ ተረኛነቱን ለሳህሉ አስረክባ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ያ የቡና አገር ዝናብ ዶፉን አወረደው። ሲያባራ ሳህሉ ሜዳ ወርዶ በተረከዙ ቢመታ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ተመልሶ ከቴፑ ፊት ቆመ። ማጥፋትና ብራቮን መቅዳት ነበረበት። «ድምፅዋን አይደል የወደዱት? ይስሙዋ!» አለና እጁን ሰበሰበ።

ብዙም ሳይቆይ ካፒቴን ይትባረክ ጠራ።

«ቴፒ፣ አልፋን ሰምቻለሁ። ሜዳው ደረቅ ነው፣ ልወርድ ነው።»

ሳህሉ ዝም አለ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር፣ መርማሪዎች ሲመጡ፣ ካሴቱ ላይ የእሷን ድምፅ ሲሰሙ፣ ወለላም ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ ታየው፤ ተረኛው እሱ መሆኑን ማሰብ አልፈለገም። ማንም አይሞትም እኮ፣ ትንሽ መንሸራተት ናት ብሎ ራሱን አባበለ።

«ቴፒ፣ ትሰማኛለህ?»

የሞተሩ ድምፅ ከጫካው በላይ ተሰማ። አውሮፕላኑ ሰው ጭኗል። ሳህሉ መነጋገሪያውን መንጭቆ ጮኸ፦ «አልፋን ተወው! ሜዳው ጭቃ ነው፣ አትውረድ፣ ወደ ጅማ ተመለስ!»

አውሮፕላኑ የሬዲዮ ቤቱን ጣሪያ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሽቅብ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ወለላ ቀድማው ገብታ ነበር።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ሰውም አተረፍክ፣ እኔንም አተረፍክ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ኧረ ሥራዬ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«መጀመሪያ ሲጠራህ ግን አልመለስክለትም።»

«ሬዲዮው እኮ አንዳንዴ...»

«ሬዲዮው ደህና ነው። ሲጠራህም፣ ዝም ስትልም ሚዛንም ቱምም ሰምተዋል። ቲቶ ዛሬ ጠዋት ‹ለምን ዝም አለ?› ብሎ እዚያው ሞገዱ ላይ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?» አለ ሳህሉ።

«ሜዳው ላይ ከብት እያባረረ ነበር፣ ሮጦ ነው የደረሰው አልኩት።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ሳህሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን እንዲህ ብሎ እንደማይሸፍንላት ያውቃል። በዚህም ቀናባት።