የባዮሎጂው የመጨረሻ ምዕራፍ

ሆሳዕና ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ለአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ኢቮሉሽን ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በረጅም ዘመን እየተለወጠ እንደመጣ ያስረዳል። አሥራ አራት ገጽ ብቻ። ስለ ትላትል ወር ሙሉ ሳስተምር ማንም ምንም አላለኝም።

ምዕራፉን በጀመርኩ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ባዮሎጂ አዋቂ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ «ታዲያ አሁን ያለው ዝንጀሮ ለምን ሰው አይሆንም?» ይለኛል። ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈበት ሰው ምን ይመልሳል? ልብስ ሰፊውም ያንኑ፣ ሥጋ ሻጩም ያንኑ። ሰው ከዝንጀሮ መጣ አላልኩም ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ ጠፋ። በመምህራን ክፍል ደግሞ ከሰሜን የመጡት ኦርቶዶክሶችና የአገሩ ልጆች የሆኑት ፕሮቴስታንቶች፣ በጾም እንኳ ተስማምተው የማያውቁት፣ በእኔ ላይ ተስማሙ። አስታረቅኳቸው፤ ያተረፍኩት ግን ግልምጫ ነው።

ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«የግርማዊነታቸው የዘር ሐረግ ከንጉሥ ሰሎሞን ነው። አንተ ከየት ልታደርገው ነው?» አለኝ።

«ማትሪክ ላይ ቢመጣስ?»

«ከመጣ ይምጣ፤ ዝለለው!»

መጽሐፉን የላከልን ያው የግርማዊነታቸው መንግሥት መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እኔም እልህ ያዘኝና አልዘለልኩም።

ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል አጭር ፈተና ሰጠሁ። ልጆቹ ልቅም አድርገው መለሱ፤ ከየመልሳቸው ሥር ግን «ይህ የመጽሐፉ አሳብ ነው፤ እኔ አላምንበትም» ብለው ጽፈው ፈርመውበታል። አንዱማ ቀኑንም ሳይቀር ጽፏል። እምነታቸውን ማን ጠየቃቸው? የቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ነው ወይስ የባዮሎጂ ፈተና የማርመው? ቀዩን እስክሪብቶ ወርውሬ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ያልጻፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። የሆመቾ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። በክፍሉ ካሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ስትሆን ከወንዶቹም የሚስተካከላት አልነበረም። በመልሷ ግርጌ «ስለዚህ ነገር ሌላ መጽሐፍ ካለዎት ያውሱኝ» ብላ ጽፋለች። ሐኪም እንደምትሆን እኔ በበኩሌ ወስኜላት ነበር።

በማግሥቱ አባቷ መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው የክፍሉ በር ላይ ቆሙ። እዚያ አገር ትልልቅ ሰዎች ከባድ ጉዳይ ይዘው ሲመጡ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚናገሩት፤ ሌላ ሰው ያስተረጉምላቸዋል። እኔ ሀዲይኛ አልችልም። ስለዚህ ልጅቷ ራሷ መካከላችን ቆመች።

«አባቴ ይህ ምዕራፍ እስኪያልቅ ውጭ ትቀመጥ፣ ከዚያ ትመለስ ይላል» አለችኝ።

የቀረኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነበር። እሺ ብል ያልቅ ነበር። ግን የፀጉር አስተካካዩ ምላጭ፣ የዳይሬክተሩ ሰሎሞን፣ ያ ሁሉ ፊርማ አንድ ላይ መጣብኝ።

«ይህን ያህል ከፈራ ከናካቴው ይውሰድሽ በይው!» ብዬ ጮህኩ። «ሄደሽ ከእናትሽ ጋር እንሰት ፋቂ! ለእናንተ ያ ይበቃችኋል!»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ረጋ ብላ ለአባቷ ረዘም ያለ ነገር ነገረቻቸው። አባቷ እስክትጨርስ አዳመጧት፤ ትከሻዋን ዳበስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። የተናገሩት በአማርኛ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጃጁራ ገበያ የነገዱ ሰው አማርኛ እንደማያጡ ማሰብ ነበረብኝ።

«ልጄ መምህሩ እሺ ብሏል አለችኝ» አሉ። «እኔ ግን ሰምቻለሁ። እዚህ ድረስ ያስተማራት የእናቷ እንሰት ነው።»

«አባባ፣ ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሺ፣ ውጭ ትቀመጥ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው...»

«ስለ ዝንጀሮው አይደለም» አሉ። «እሱን ቤት ቁጭ ብለን እንከራከርበት ነበር። እናቷን መናቅ የምትማርበት ቤት ግን አልተዋትም።»

ይዘዋት ሄዱ። ቅዳሜ ሆመቾ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅር አሉኝ፤ አብልተውም ሸኙኝ። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ መምህራን ተሰብስበን ሃይማኖት ትምህርትን እንዴት እንደሚጎዳ ሲነሳ፣ የእሷን ታሪክ የማነሳው እኔ ነበርኩ። አባቷ በኢቮሉሽን ምክንያት አስወጧት እላለሁ። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጡልኛል፤ የእንሰቱን ነገር ግን አላነሳም።