ከናዳው የወጡ ላሞች

ልጅ ሳለሁ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ባለው ሰፈራችን ከብት ያለቀበት ዓመት ነበር። እኩዮቼ ሽታውን ታስታውሱታላችሁ። ጠዋት በር ሲከፈት እርጥብ ሣርና ወተት ይሸት የነበረው ደጅ፣ ያን ዓመት ሞት ሞት ይሸት ነበር። እናቴ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለስና ባዶውን በረት ትጠርጋለች። ለምን እንደምትጠርገው አልጠየቅኋትም።

በዚያው ክረምት ከወንዙ በላይ ያለው ገደል ተናደ። አፈሩ ሲወርድ ትልቅ ዐለት ብቅ አለ። ዐለቱ ላይ ላሞች ተቀርጸዋል፤ ቀንዳቸው ረጅም፣ ጡታቸው የሞላ። ከኋላቸው ፊት የሌላቸው ሰዎች እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። እኛ ልጆች ለጨዋታ የምንሠራቸውን የጭቃ ከብቶች ይመስሉ ነበርና ልነካቸው ስል እናቴ እጄን መታችኝ።

በሰፈራችን መዶሻ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቀጥቃጩ አያ ደስታ። ማረሻችንን የሚሠራልን እሱ ነው፤ በመንገድ ሲያልፍ ግን እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ከብታችንን እየቀረጸ ጨረሰው» ተባለ። ወሬው ሲያድር ሌላ ጨመረ፤ ከብቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ተራው የሰዎቹ ነው። ያን ጊዜ ክፉኛ ያስለኝ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ወንዝ ዳር፣ «እቴ፣ ዐለቱ ላይ ካሉት ሰዎች ያቺን ቀጭኗን አየሻት? ቁርጥ ልጅሽን!» አለቻት እናቴን። እናቴ አማተበችና እቅፍ አደረገችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ዐለቱ ሥር ተሰበሰበ። አያ ደስታን ከነልጆቹ ከአገር ለማስወጣት ነበር። በሬዎቹና ላሙ ያለቁበት አያ ወልዴ ከሳሽ ሆኖ ቆመ።

«ይኸው ላሜ! መዶሻው እጁ ላይ፣ ሥራው ዐይናችሁ ላይ! ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ወንድሜ፣ እኔም ጊደሬ ሞታብኛለች» አለ አያ ደስታ።

«ለማስመሰል ነዋ!» ብለው ጮኹበት።

የሰፈሩ ጭቃ ሹም ሽማግሌ ነበሩ። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «የጠፋ ከብት የተገኘ እንደሆነ ባለቤቱ የሚወስደው እንዴት ነው?» አሉ።

«ምልክቱን ተናግሮ» አለ ሰው።

«እንግዲህ ወልዴ፣ ላምህን ለያት። ከለየሃት ይህ ሰው ዛሬውኑ ይሄዳል።»

አያ ደስታ ልጆቹን ወደ ጉያው ሰበሰበ። አያ ወልዴ ወደ ዐለቱ ወጣ። «ዳለቻ» ብሎ ላሚቱን በስሟ ጠራ። እጁን ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ አሳለፈ፤ መልሶ አሳለፈ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ፤ ሁሉንም ዳሰሰ።

«ሻኛ የላቸውም» አለ በመጨረሻ። «የእኔዋ ሻኛዋ... እጄን ይሞላው ነበር።» ግንባሩን ዐለቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «እንዳናውቅበት ሆን ብሎ አስቀርቶት ይሆናል» ሲል ሰማሁ። ጭቃ ሹሙ ግን፣ «ምልክቱን ሳያውቁ የእኔ ነው ማለት የለም» ብለው ሰውን በተኑት። ሁሉም አያ ደስታን በሩቁ እየዞረ ሄደ። እናቴ ብቻ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አያ ደስታ፣ መቆፈሪያ ሥራልኝ። በሬ የለኝም» አለችው።

በቀጣዩ ክረምት ሰፈሩ ሁሉ እሱ በሠራው መቆፈሪያ ቆፍሮ ዘራ። የእኔም ሳል ለቀቀኝ፤ ስሙ ይክበር።

ዛሬ ከብቱ ተራብቷል። ልጆቼ ዐለቱ ላይ እየተንጠላጠሉ ይጫወታሉ፤ አልከለክላቸውም። ሰው ግን አሁንም ከቀጥቃጭ ቤት ማረሻ ይወስዳል እንጂ ማዕድ አይቆርስም። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ የአያ ደስታ ልጅ ነው። የዚያን ዕለት ከደገስኩት ብዙ እንጀራ ተረፈ። ለነዳያን ሆነ፤ ተመስገን።