የማን ማኅበር ነው?

ባለፈው ሳምንት ነው። ከግቢዬ ሰርቪስ ክፍል የተከራየችው ወጣት አስተማሪ፣ ትዕግሥት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቆመችና «እትዬ ጽጌ፣ እኛም እኮ ማኅበር ልንገባ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ጎደለን» አለችኝ። በሰፌድ ገብስ እየለቀምኩ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ ምን አጠፋሁ ብላ ነው መሰለኝ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ታየኝ ጀመር።

ያለችው በደንብ ገብቶኛል። ከከተማው ዳር አዲስ የመኖሪያ ቦታ ሊመራ ነው የሚል ወሬ ከተነሣ ወዲህ በመሐል ሜዳ ሌላ ጨዋታ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ስለ ቦታ፣ ለቅሶ ቤት ስለ ቦታ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይም ስለ ቦታ ነው። ደላሎቹ በሞተር እየተሯሯጡ ያገኙትን ማሳ ሁሉ «ነገ ትልቁ መንገድ የሚያልፍበት» ይሉታል። አምና ገብስ ሲወቃበት የነበረ አውድማ ዘንድሮ ጂ ፕላስ ዋን ሊቆምበት ድንጋይና አሸዋ ተራግፎበታል። እንደ ትዕግሥት ያሉት ተከራዮች ግን ፎቅ አላማራቸውም፤ የራሳቸውን በር በራሳቸው ቁልፍ መክፈት ነው የሚፈልጉት። ይህማ አያስቅም። እኔን ያሳቀኝ «ማኅበር» የሚለው ቃል ነው። በዚህች ከተማ ያንን ቃል ስሰማ አንድ የታኅሣሥ ምሽት ትዝ ይለኛል።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከደብረ ብርሃን የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ መሐል ሜዳ ስመደብ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ እና የእናቴን ምርቃት ነበር። ምርቃቱ ቀስ ብሎ ደረሰ፤ ባናው ግን ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ውለታ ዋለልኝ። የመንዝን ብርድ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ የአውድማውን እብቅ ይዞ መጥቶ ዓይን ውስጥ ይሞጅረዋል። እንዲያም ሆኖ አገሩን ወደድኩት። ያልወደድኩት ኪራዩን ነበር።

ከተማዋ ያኔ ማደግ ጀምራለች። መሥሪያ ቤት በተከፈተ ቁጥር ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የቤት ኪራይ ይጨምራል። ዋጋ ያልጨመረ አከራይ ደግሞ ልጁ ሊያገባ ነው። የአከራይ ልጅ መቼም ሁልጊዜ ሊያገባ ነው። አልጋዬን በጋሪ አስጭኜ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስዞር ኖሬ አንድም ሠርግ አልተጠራሁም። በዚያ ዓመትም አከራዬ እትዬ በላይነሽ አስጠሩኝና ለፋሲካ ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እያፈሩ ነው የነገሩኝ። ልጃቸው ሊያገባ ነው። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ጋሪው አልነበረም፤ በሰው ቤት «ውጪ» የሚባለውን ቃል እየጠበቁ መኖር ነው።

በዚሁ ሰሞን በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምረው ሚካኤል ወሬ ይዞ መጣ። በከተማው ዳር ባለው ሜዳ በማኅበር ለተደራጁ ሰዎች ቦታ ሊሰጥ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቃል፤ የማኅበሩ ሰው እንዳይጎድልና ከክረምት በፊት ግንባታ እንዲጀመር። ያን ጊዜ ካልጀመሩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሚካኤል ነገር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበርና አስተማሪውን፣ ነርሷን፣ ነጋዴውን አሰባሰበ። ልንሞላ ስንል አንዱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና አንድ ሰው ጎደለን።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ጋሽ ዘውዴና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ከጓሳ ወገን በግ እየገዙ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚያወርዱ፣ ከሰው ይልቅ ከበግ ጋር ብዙ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ለእነሱም ውጡ ተብለው ነበር፤ ለአንድ ሙሽራ ሁለት ክፍል ያስፈልግ ኖሯል። ታዲያ አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል እየተደወለ፣ እኔ በሩጫ ስወጣ፣ በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ማኅበር ልንገባ ነው፤ አንድ ሰው ጎድሎናል። እርስዎ ይግቡልን» አልኳቸው።

«የማን ነው?»

«የሚካኤል ነው።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ፣ በአሥራ ሁለት። እኛ ትምህርት ቤት።»

ቆባቸውን ከራሳቸው አነሡ። «ለሚካኤልማ እንዴት እምቢ ይባላል» አሉ። መልሱ ትንሽ ከበድ አለብኝ፤ ግን ደወሉ አልቆ ነበርና አመስግኜ ሮጥኩ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ በተማሪዎች ዴስክ ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን። ጋሽ ዘውዴ አልመጡም። ሳይጠበቁ ንግግሩ ተጀመረ፤ ወዲያውም ወደ ጠብ ዞረ። ነገሩ የማዕዘኑ ቦታ ነው። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አንዱ ቦታ ሱቅ ይሆናል፤ ሱቅ ያለው ቤት ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ሚካኤል እኔ ደክሜበታለሁ አለ። ከቆላው ወጥቶ በከተማችን ጨውና ስኳር የሚነግደው ሰይድ ደግሞ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ለአስተማሪ ሱቅ ምን ያደርግለታል አለ። አንዱ ዕጣ ይጣል ሲል ሌላው ዕጣውን ማን ይይዘዋል አለ። እርስ በርስ በደንብ አንተዋወቅም፤ ያሰባሰበን የቤት ችግር ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሰይድ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እኔን አውጡኝ» ብሎ ተነሣ። እሱ ከወጣ ማኅበሩ ይፈርሳል። እኔ የማየው ጋሪውን ብቻ ነበር፤ አልጋዬ ተገልብጦ፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዘውዴ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው ድፎ ዳቦ በሌማት ይዘው ገቡ። እትዬ አስካለ ገንቦ አዝለው ከኋላቸው አሉ። የጠላው ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«እንኳን ለሚካኤል አደረሳችሁ» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ልማድ ነውና ሁሉም ባንድ አፍ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ። ቀኑ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት መሆኑ ያኔ ነው የታወሰኝ። እኔ ሰዓቱን ለማለት «በአሥራ ሁለት» ያልኩት በእሳቸው ጆሮ የሚካኤል ቀን ሆኖ ገብቷል። ፊቴ ጋለ።

«ሙሴው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ነው የሚባለው።

«ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ሚካኤል እባላለሁ» አለ ሚካኤል።

ጋሽ ዘውዴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ስሙ ለማዕረጉ የተሰጠው ሳይመስላቸው አልቀረም። ቀጥሎ የቆመውን ሰይድን አዩ፤ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ነርሷ ሁለቱ መጣላታቸውን ነገረቻቸው። ጋሽ ዘውዴ ሌማቱን የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። «እንግዲያ ዳቦው አይቆረስም። ቂም ተይዞ ጽዋ አይቀመስም» አሉ።

ሰይድ ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሽ ዘውዴ፣ እኔ እስላም መሆኔን እያወቁ! ይሄ የጽዋ አይደለም፤ ቤት ለመሥራት ነው የተሰበሰብነው» አለ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የሚካኤል ነው አላልሽኝም?»

በጣቴ ወደ ሒሳብ አስተማሪው አመለከትኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠበኞቹም ሳቁ። ያልሳቁት ጋሽ ዘውዴ ብቻ ናቸው። ሌማታቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ፤ «የቤትማ ከሆነ የእኔ ነገር አይደለም፤ እኔ የበግ ሰው ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ሳቁ ወዲያው ቆመ። እሳቸውም ከወጡ ከሰይድ ጋር ሁለት ሰው ጎደለን ማለት ነው።

ያኔ እትዬ አስካለ ገንቦውን ከጀርባቸው አወረዱ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ላይ ምስማር ልመታ ስል አትምቺ እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ሚካኤል እጃችንን ይዞ ቤት ካለበት አስገብቶናል፤ አንተ ተመልሰህ ልትወጣ ነው?» አሏቸው።

ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ከሌማቱ አነሡ። ከዚያ ቀና አሉና «ታዲያ ቤትስ ቢሆን ተጣልቶ ይሠራል እንዴ?» አሉ። ሚካኤልና ሰይድ ተያዩ። መጀመሪያ የተነሣው ሚካኤል ነው፤ ይቅር ተባባሉ። ዳቦው ሲቆረስ ሰይድ ገና እጁን ሳይዘረጋ ጋሽ ዘውዴ «ብላ ግዴለህም፤ ቄስ የለም፤ አልተባረከም፤ ዳቦ ነው» አሉት። ሰይድ እየሳቀ ተቀበለ። እትዬ አስካለ በሚቀጥለው ለሱ ብርዝ አበጃለሁ አሉ። «በሚቀጥለው» ሲሉ ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀም።

ለማዕዘኑ ቦታ በዚያው ምሽት ዕጣ ተጣለ። የወጣው ለነርሷ ነው፤ ሱቅ የመክፈት ሐሳብ ጨርሶ ያልነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ማን መቼ ይጀምር የሚለው ተነሣ። ጋሽ ዘውዴ ይህም ጥያቄ ነው ወይ ብለው ገረማቸው። ጽዋ በተራ ከቤት ቤት እንደሚዞር ሁሉ ቤቱም በተራ ይሠራ፤ ሁላችንም ለአንዱ፣ ቀጥሎ ለሌላው። የመጀመሪያው ተራ ዳቦ ላመጣው ሰው ነበር የሚሆነው፤ ለሳቸው ማለት ነው። እሳቸው ግን ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱና «ይቺ ልጅ ትቅደም፤ እኛ ሁለት ነን፣ ብርዱን እንካፈለዋለን» አሉ።

የገና በዓል እንዳለፈ ሥራ ጀመርን። ቀን መምረጡ ራሱ ሥራ ነበር። አንዱ ቀን ገብርኤል፣ አንዱ ማርያም፣ አንዱ ሰንበት፤ ሰይድ «የእናንተን በዓል ስንቆጥር ክረምት ይገባል» እያለ ይቀልድብን ነበር። እኛ በዓል ባከበርንበት ቀን እሱ በአህዮቹ ድንጋይ ሲያመላልስ ይውላል። እሱ ዓርብ መስጊድ ሲሄድ እኛ ጭቃና ጭድ እንረግጣለን። ሚካኤል በክር እየለካ፣ ነርሷ እጃቸው የተላጠውን በፋሻ እያሰረች፣ እትዬ አስካለ በሶና ቆሎ እያቀረቡ ግድግዳው ወደ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው ለዋናው ቤት ብቻ ነበር የበቃው፤ ለማድ ቤቱ ጋሽ ዘውዴ የጓሳ ሣር ከወገኖቻቸው አስመጥተው ራሳቸው ከደኑልኝ። ፋሲካ ሲደርስ ቤቱ በርም መስኮትም አልነበረውም። ቢሆንም ገባሁ። አልጋዬ በጋሪው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ፤ በር በሌለው ደጃፍ ላይ ባናዬን ሰቅዬ አደርኩ። እንደዚያ ሌሊት ሞቆኝ አያውቅም።

ሁለት በጋ ፈጅቶ የሁላችንም ቤት አለቀ። የጋሽ ዘውዴ ቤት ሲመረቅ እትዬ አስካለ አንድ ፍሬ ምስማር ይዘው መጥተው ግድግዳው መሐል መቱት። ምንም አልሰቀሉበትም።

የዛሬውን ሰፈር ያየ ሰው ያ ሜዳ ነበር ቢባል አያምንም። ከፊሉ ፎቅ ሆኗል፣ ነርሷ በመጨረሻ ማዕዘኑ ላይ ፋርማሲ ከፍታለች፣ የቤቶቻችንም ዋጋ ከመሐል ከተማው በልጧል ይባላል። ጋሽ ዘውዴ አርፈዋል። እትዬ አስካለን ደብረ ብርሃን የሚኖረው ልጃቸው ወስዶ አስቀምጧቸው ነበር፤ የመሐል ሜዳው ቤታቸው ጥሩ ገዥ ባገኘ ሰሞን «የጽዋ ተራዬ ደርሷል» ብለው በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሱ። ሽያጩም ቀረ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ዛሬም ለሚካኤል ጽዋ በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሰይድ ይገባል፤ ብርዙ ሳይቀርብለት ቀርቶ አያውቅም።

ለትዕግሥት ይህን ሁሉ አወራኋት። የጎደላቸውን ሰው ከየት እንደምታመጣ ግን አልነገርኳትም፤ እሱን ራሷ ታገኘዋለች። እኔ ቤት ስፈልግ ስለ ሰው አላሰብኩም ነበር። «ውጪ» የማልባልበት ግድግዳ ከተገኘ በቂዬ ነው ብዬ ነበር። ግድግዳውን አገኘሁ፤ ከተከራይነት የባሰውን ብቸኝነት ግን ግድግዳ ብቻውን አያድንም ነበር፤ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ትናንት አሥራ ሁለት ነበር። ጉንፋን ስለያዘኝ ዛሬስ ልቅር ብዬ በጊዜ በሬን ቆልፌ፣ ባናዬን ተከናንቤ ጋደም አልኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው፤ አርጅቶ ድምፁ ሻክሯል።

«ጽጌ፣ የት ቀረሽ? እትዬ አስካለ አንቺ ሳትመጪ ዳቦው አይቆረስም ብለዋል» አለ ከውጭ።

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።