ዝንጀሮው ከኩበት ይሰፋል

ዛሬ ጠዋት ንፋስ መውጫ ላይ ለካባ እጅ ነስቼ መጣሁ። አዲስ መነጽር ልገዛ ገብቼ፣ ክንድ ሲዘረጋ ግድግዳ በምትነካ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ያሳየኝን ፊደል ሁሉ እንደ ዲያቆን አንበለበልሁለትና፣ «ይሄ የጎበዝ ዓይን ነው!» ብዬ መነጽሩን እንዳደረግሁ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቄስ ቆመው አየሁ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብዬ አጎነበስሁ። እንዳጎነበስሁ መስቀላቸውን ጠበቅሁ። የገላገለኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፦ «አባቴ፣ ልብስ ሰፊው የሰቀለው ካባ እኮ ነው! ቄሱ ገና አልገቡበትም!»

ከቅርብ ሞክሮ ለሩቅ መኩራራት የቆየ በሽታዬ ነው።

ያደግሁት ስማዳ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተንጠለጠለች መንደር ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ጠርጥር የሚባል ውሻ ነበረኝ፤ ስሙን ያወጣሁት ጎረቤት እንዲሰማው ብዬ እንጂ ውሻውስ ማንንም የማይጠረጥር፣ ሌባውን ሳይቀር ጅራቱን እየቆላ የሚሸኝ የዋህ ነበር። ገብሱ እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ጋማው ትከሻው ላይ የተዘናፈለ አንድ አውራ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጥቶ ማሳው ውስጥ ገጠመውና ጉሮሮውን ዘነጠለው። ጠርጥር እየተሳበ መጥቶ እግሬ ሥር ሞተ፤ ያን ጊዜም ጅራቱን ሊቆላልኝ ሞክሮ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ዝንጀሮ ደመኛዬ ሆነ። እንደ ማንኛውም ባለ ደም፣ ደሜን ሳልመልስ ጸጉሬን ላልቆረጥ ማልሁ፤ ሰርግ ቤት ሲጨፈር ጥግ ይዤ ጥርሴን አፋጫለሁ። እናቴ ቅማሌን እየለቀመች «ለዝንጀሮ ደም ጎፈሬ የሚያሳድግ አንተን አየሁ!» ትለኛለች፤ እኔ ግን ሳርስም ስበላም የሚታየኝ የዚያ አውሬ ጉሮሮ ብቻ ነበር።

የአባቴ ወንድም አያ ተገኘ ምንሽር ነበራቸው። ብዙ ጊዜ ሳትተኮስ ስለከረመች አስቀድሞ በዒላማ መሞከር አለባት አሉ። መሞከሪያው ግን ከየት ይምጣ? በአንድ ወገን ቤተ ክርስቲያኑ፣ በሌላው የሰው ከብት፤ ራቅ ብሎ የሚታለምበት ወደ ገደሉ ብቻ ነው፤ ገደሉ ደግሞ የደመኛዬ ቤት ስለሆነ፣ ጥይት ካረፈበት ስንት ጊዜ ሸሽቶ እንደሚከርም አይታወቅም። ስለዚህ ከጓሯችን ባለችው፣ ምራቅ በምታሻግር ጉድባ ውስጥ ኩበት አቁመን መሃሉን በከሰል ነቆጥነው። ተኮስሁ። የባሩዱና የኩበቱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው፤ ጥይቷ ከነቁጧ በአውራ ጣት ወደ ቀኝ አርፋለች። እኔ ግን ፉከራዬን ጀምሬያለሁ።

አያ ተገኘ ቀዳዳውን በጣታቸው ለክተው፣ «ቆይ አንተ! እዚህ አውራ ጣት የሆነ ማዶ ሲደርስ ክንድ ይሆናል። የአፈሙዟን ማነጣጠሪያ ገፋ ላድርጋትና ድገም» አሉኝ።

«አያ፣ ዝንጀሮው ከኩበት ይሰፋል!» አልኋቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደመኛዬ ገደሉ ወገብ ላይ እንደ ሹም ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። ትንፋሼን ውጬ ደረቱ ላይ አነጣጥሬ ቃታውን ሳብሁ። ወደ ቀኝ፣ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከአለቱ አቧራ ቡን አለ። አውሬው አቧራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳይቸኩል መቀመጫውን አዙሮብኝ ሄደ።

«ከኩበት የሚሰፋው እሱ ነው?» አሉ አያ ተገኘ።

ያን ክረምት ገደሉ ሥር ጋማውና አጥንቱ ተገኘ፤ ጭቃው ላይ የነብር ዱካ ነበር። ሰው ደስ ይልሃል ይለኛል፣ እኔ እንደ ተዘረፈ ሰው ነደድሁ፤ ያ ጉሮሮ የእኔ ነበራ! አያ ተገኘማ ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው «ደምህን ነብር መልሶልሃል፤ እንግዲህ ራስህን ተላጭና ሙክት እረድለት» ቢሉኝ ሳምንት አኮረፍኋቸው።

አሁን አያ ተገኘም የሉ፣ ጉድባዋንም ጎርፍ ደልድሏታል። በቀደም ሄጄ አፋፉ ላይ ብቀመጥ አንድ ዝንጀሮ እንኳ አልጮኸብኝ፤ ነብርማ በዚያ አገር ከጠፋ ቆየ። ያን ዝንጀሮ ዛሬም ይቅር አላልሁትም፤ በሕልሜ እየመጣ መቀመጫውን ያዞርብኛል። ለነብሩ ግን፣ ደሜን ቢቀማኝም፣ አንድ ሙክት አለብኝ።