ተመልሳ የምትመጣዋ መርማሪ

አቭሪል ክራብትሪ ለብዙ ዓመት እሷን የመሰለች ሴት በቴሌቪዥን አይታ አታውቅም ነበር። ብታይም ሴትዮዋ ወይ ወለል ትወለውላለች፣ ወይ ለሌላዋ ቆንጆ ሻይ አቅርባ ትወጣለች፣ ወይ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ትሞታለች። አቭሪል ደግሞ በራምስክሎ ከተማ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የተፈጨ ድንች ለልጆች ስታድል ያረጀች፣ ቁርጭምጭሚቷ ያበጠ፣ ፀጉሯን በገዛ እጇ የምትቆርጥ፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ማን ብሎ ፊልም ይሠራባታል?

ከዚያ እነዚያ መርማሪዎች መጡ። እሑድ እሑድ ማታ፣ አንዱ ተከታታይ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ፣ ሁሉም ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ካፖርታቸው ድንኳን የሚያህል፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው የተጠበሰ ድንች በጣታቸው እየበሉ እጃቸውን በቀሚሳቸው የሚጠርጉ ሴቶች። ወጣት አለቆቻቸው ከኋላቸው ያሾፉባቸዋል። እነሱ ግን ያንን ትልቅ ግቢና ትልቅ ስም ያለውን ሰውዬ መጨረሻ ላይ ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ቃሉን ከሆዱ መዝዘው ያወጡታል። አቭሪል ይህን ስታይ ደስታው እንባዋን ያመጣው ነበር። ሰው ቢያያት ታፍራለች እንጂ አንዳንዴ ብቻዋን ታጨበጭባለች።

ብቻዋን የሆነችው በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ከጆይስ ጋር ነበር የምታየው። ጆይስ ሆልሮይድ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። የዚያ ሰፈር ቤቶች ድሮ ለፈትል ፋብሪካው ሠራተኞች በአንድ ረድፍ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» የሚባልባቸው። ጆይስ እሑድ ማታ የተጠበሰ ዳቦዋን በሳህን ይዛ ትመጣና ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ እግሯን ትሰበስባለች። ጨዋታቸው ገዳዩን ቀድሞ ማወቅ ነው። ጆይስ ሁልጊዜ ካህኑን ትጠረጥራለች። ካህን በሌለበት ታሪክ ደግሞ ሐኪሙን። አንድም ቀን ልክ ሆና አታውቅም፤ ቢሆንም አፍራ አታውቅም።

የጆይስ ባል ሮይ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጡረታ ሲወጣ ያ ቀረ። ሰውየው ከፋብሪካው ያመጣው ነገር ቢኖር ደረቱን የሚፍቅ ሳልና ቀኑን ሙሉ ሚስቱን መቆጣጠር ነው። እሑድ ማታ ሚስት ቤቷ ትቀመጥ አለ። ጆይስም ተቀመጠች። አቭሪል አንዳንድ ቀን በጓሮው አጥር ላይ ስታያት በዚያ አገር ሐምሌ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ነው። «ምን ሆንሽ?» ብትላት «በር መታኝ» ትላለች። በሩም፣ መሳቢያውም፣ ደረጃውም በየተራ ይመቷት ነበር። አቭሪል ሞኝ አይደለችም፤ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገች ናት። የሰው ትዳር ውስጥ አይገባም፤ የዚያ ሰፈር ሕግ ይኸው ነው። ስንቷን ሴት እንደበላ ግን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

ቴሌቪዥኑን ለየብቻ ማየት ሲጀምሩ መላውን ያመጣችው ጆይስ ናት። ገዳዩን ያወቀች በማንኪያ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ትመታለች። ሌላዋ «ሰምቻለሁ፣ እኔም ደርሼበታለሁ» ለማለት ሦስት ትመልሳለች። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ ላይ ስም ይለዋወጣሉ። ሮይ እሑድ ማታ አብዛኛውን ጊዜ መጠጥ ቤት ስለሚሄድ ጨዋታቸውን የሚያውክ አልነበረም። ቢኖርም የማንኪያውን ድምፅ የሰማ ሰው ሥዕል ለመስቀል ሚስማር ሲመታ ይመስለዋል።

ያን እሑድ መርማሪዋ ገና የመጀመሪያውን ሬሳ እያየች ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ተመታ። ሦስት አልነበረም፤ ብዙ ነው፣ የተደበላለቀ፣ ወደ ታች የወረደ። አቭሪል ሳቀች። ካህኑ ብቅ ካለ ገና ደቂቃም አልሞላውም። «አይ ይቺ ቀጣፊ፣ ዛሬስ ለይቶላታል» አለችና ማንኪያዋን ከሻይ ሳህኑ አንስታ ሦስቴ አሳምራ መለሰች። ምቱ እንደገና ሲመጣ ጨዋታው እንዳይበላሽባት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች። ማስታወቂያ ሲጀምር ድምፁን ቀነሰችው። ያኔ ከማዶ የሰማችው የሮይን ሳል ብቻ ነው።

ፊልሙ አልቆ ብዙም ሳይቆይ የአምቡላንስ መብራት መጋረጃዋን ሰማያዊ አደረገው። ጆይስ ከደረጃው ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። ሮይ ለሰው ሁሉ እንደነገረው፣ ያን ምሽት በቦዩ ዳር ብቻውን ሲንሸራሸር አምሽቶ ሲገባ ነው ወድቃ ያገኛት። አቭሪል ደጃፏ ላይ በፒጃማ ቆማ ይህን ስትሰማ ማንኪያው አሁንም እጇ ላይ ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። አቭሪል በሩን ስትከፍት ልቧ ዘለለ። ሳጅን ጊል ማርስደን ትባላለች። ወፍራም ናት፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ ከካፖርቷ አንድ ቁልፍ ወልቋል፣ አንገት ልብሷ ላይ የኬክ ፍርፋሪ አለ። ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣች ሴት ጥቁረት አለባት። እሷ ናት፤ ለጆይስ እሷኑ ላኩላት ብላ አቭሪል አመነች።

ሳጅኗ ሶፋው ላይ፣ ጆይስ ትቀመጥበት በነበረው በኩል ተቀመጠችና ማታ የሰሙት ነገር ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አቭሪል ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር አለች። ሮይ ጓሮው አጥር አጠገብ ሲጋራ እያጨሰ በመስኮቱ ይታያት ነበር። ፈርታ ነው ቢባል እውነት ነው። ግን ከፍርሃቱ በላይ እፍረቱ ነበር፤ ያን ማታ ለዚያ ምት ስቃበታለች። ደግሞስ በእነዚያ ፊልሞች ዝምተኛዋ ጎረቤት በመጀመሪያው ቀን መቼ ተናግራ ታውቃለች? ትቆጠባለች፤ መርማሪዋም ተሰናብታ በሩ ጋ ትደርስና እጀታውን እንደያዘች ዞር ትላለች። አንዲት ትንሽ ጥያቄ ትጠይቃለች። ሁሉ ነገር የሚወጣው ያኔ ነው።

ሳጅኗ ተነሣች። በሩ ጋ ደረሰች፣ እጀታውን ያዘች፣ ዞር አለች።

«በዚህ ሰፈር ደህና የሥጋ ፓይ የሚሸጥ አለ?»

አቭሪል ጥጉ ላይ ያለውን ዳቦ ቤት ነገረቻት። ሳጅኗ አመስግና ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ይገባው ነበር። አቭሪል ግን በእነዚያ ፊልሞች ትምህርት ዓመታት የፈጀች ተማሪ ናትና ሌላ ነው የገባት፤ ሴትዮዋ ሆን ብላ ነው። ቂል መስላ ሰውየውን ታዘናጋዋለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ጠበቀች። ቤቷን አጸዳች። ሳጅኗ ስትመጣ የምትበላው ኬክ ገዝታ አስቀመጠች፤ ሲደርቅባት ሌላ ገዛች። መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃ ትገልጣለች።

ከሳጅኗ በፊት የመጣው የቀብሩ ቀን ነው። ጆይስ አልተቀበረችም፤ ሮይ ማቃጠል ይሻላል ስላለ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና ሻይ ነበር። ሮይ ጥቁር ክራቫቱን አስሮ ወደ አቭሪል መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ጥሩ ጎረቤት ነበርሽ አላት። እጇን ግን አልለቀቀም።

«ያን ማታ ፊልምሽን እያየሽ ነበር አይደል? ድምፁን ደግሞ ከፍ ነው የምታደርጊው። ምንም አልሰማሽማ።»

«ምንም» አለች አቭሪል።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና እየሳለ ወደ ሳንድዊቹ ሄደ። አቭሪል መጸዳጃ ቤት ገብታ እጆቿን ደጋግማ ታጠበች። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥርጣሬ ነበር የምትለው፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ስም ልትጠራው አልቻለችም።

ያም ሆኖ ጠበቀች። በብርዱ ወራት መጨረሻ የሟቾችን አሟሟት የሚያጣራው ዳኛ፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ የሞተችው በአደጋ ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋቱን የአካባቢው ጋዜጣ በአራት መስመር አወጣው። አቭሪል አራቱን መስመር ደጋግማ አነበበች። መጨረሻ ላይ ዞር የሚል ሰው አልነበረም። ካፖርቷን ለብሳ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አውቶቡስ ያዘች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ መንገዱን ሙሉ ያን ውሻ እሷ እንደሆነች ታውቅ ነበር።

ሳጅን ማርስደን መጀመሪያ አላወቀቻትም። ስሟን ስትሰማ ግን ትንሿ ክፍል ውስጥ አስገብታ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጠቻት። አቭሪል ሁሉንም ነገረቻት፤ ማንኪያውን፣ ምቱን፣ ድምፅ መጨመሯን፣ ሳሉን። ሳጅኗ ሳታቋርጣት ጻፈች።

«ወይዘሮ ክራብትሪ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ተመልሰሽ ትመጫለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

«ማን? እኔ?»

«ሁልጊዜ ትመለሻለሽ። በፊልሙ። አንቺ ማለቴ... እነሱ። በሩ ላይ ዞር ይላሉ።»

ሳጅኗ አልሳቀችም። ፊቷን በመዳፏ አሸችና ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም ነበር አለች። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከደረጃ ወድቃ ነው ብሎ ነበር፤ እሷም ሌላ የሚያስጠረጥር አላየችም፤ የአንዲት ጎረቤት ቃል ቢኖር ግን እንደገና እንዲመረመር ታደርግ ነበር፤ ጣት፣ ጥፍር፣ ክንድ ሁሉ ይታይ ነበር። አሁን ዓመድ ነው። የቀረው የአቭሪል ቃልና የሰውየው ቃል ነው። ወደ አለቃዬ እወስደዋለሁ፣ ሮይንም እንጠራዋለን፣ እሱም ይክዳል፣ ማን እንደተናገረበት ደግሞ ያውቃል አለቻት። ለጊዜው የሚያርፉበት ዘመድ አለዎት ወይ ብላም ጠየቀች።

አቭሪል አልሰማቻትም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ታያለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «መልሼ ስመታ፣ ሰምታኝ ይሆን?»

በፊልሙ ቢሆን መርማሪዋ እዚህ ላይ የምትለው ደግ ነገር አይጠፋትም ነበር። ይቺኛዋ የምትዋሽበት አቅም አልነበራትም።

«ጮክ አድርገው ነው የመቱት?»

«አዎ። ሁልጊዜ ትሰማኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሰምታዎታለች።»

አቭሪል ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። ሻይዋ ሳትቀምሰው ቀዝቅዟል።

«እንግዲያው እየመጣሁ መስሏት ጠብቃኛለች» አለች።