ራጅ የተነሣው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት ለራስ ምታቴ ሲቲ ስካን ታዝዞልኝ በር ላይ ስጠብቅ፣ የማሽኑ ባለሙያ የሆነችው ልጅ ከእኔ በፊት ውሃ የተሞላ ክብ ፕላስቲክ አልጋው ላይ አስተኝታ ምስሉን ስታነሣ አየኋት። "ማሽኑ አጥርቶ ማየቱን የምንፈትንበት ነው፣ አባባ" አለችኝ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ዮናስ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም በእሱ መቅናቴ አልለቀቀኝም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አርባ ምንጭ ውስጥ የራጅ ፊልም በማጠብ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም፤ የፊልሙ ካርቶን ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የማጠቢያው ኬሚካል ሙቀት ልክ መሆኑን ጣቴን ነክሬ አውቅ ነበር። ቴርሞሜትር የጣቱ ነገር ለሚያጠራጥረው ሰው ነው እል ነበር።

ዮናስ ከአዲስ አበባ በራጅ ሙያ ተመርቆ የመጣው በየካቲት ነው፤ የሲቀላ ሰፈር የቤት ቆርቆሮ በሙቀት በሚንጣጣበት ወር። ሳምንት ሳይሞላው የሆስፒታላችን ዶክተር "ዮናስ፣ እስቲ ይህን እየው" ማለት ጀመረች። እኔን ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም! ምሳ ላይ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ስንበላ እንኳ ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ ያወራል። ጉሮሮዬ ላይ የሚቀረው አጥንቱ ሳይሆን የእሱ ሙገሳ ነበር።

በዚያው ወር ፊልሞቻችን ጉም የለበሱ መሰሉ። ከካምባ የመጣ ገበሬ የእጁ ስብራት ሳይታይ ተመልሶ፣ እጁ አብጦ መጣ።

"ጥፋቱ ከማሽኑ ነው ከማጠቢያው ክፍል?" አለች ዶክተሯ። "ከአንተ ክፍል ከሆነ ቁልፉን ለዮናስ ታስረክባለህ።"

ዮናስ ቀጫጭን ሽቦዎች የተቀበሩበት የፕላስቲክ ጡብ ከሻንጣው አወጣ። ሽቦዎቹ ፊልሙ ላይ ምን ያህል ተለይተው እንደሚታዩ አይቶ ይፈርዳል። እኔ ደግሞ ከወር በፊት ለሙከራ ያነሣሁት የዓሣ ራጅ ነበረኝ፤ አጥንቱ እንደ ፀጉር ይቆጠራል። ከሐይቁ ዳር ሌላ ዓሣ ገዝቼ አነሣሁ። አጥንቱ የለም! ሁለቱን ፊልሞች መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ "ይኸው! ያጠበው ያው እጅ ነው። የደከመው ማሽኑ ነው" አልኩ።

ዮናስ ጠጋ ብሎ አየ። "ጋሽ ማርቆስ፣ የባለፈው ዓሣ ምን ያህል ነበር?"

"ቆሮሶ ነዋ። መዳፍ የምታህል።"

"የዛሬውስ?"

"ነጭ ዓሣ... ክንድ የሚያህል።"

"ታዲያ ወፍራሙን ከስሱ ጋር እንዴት እናወዳድረው?"

"በሉ ዓሣውን እንኳ ይጋብዙን!" አለች አንዷ ነርስ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዮናስ ያንኑ ጡብ ሁለት ጊዜ አነሣ። አንዱን ፊልም እኔ እንደ ወትሮዬ አጠብኩት፤ ሌላውን እሱ ከላቦራቶሪ በመጣ በረዶ የኬሚካሉን ዕቃ አቀዝቅዞ አጠበው። በእኔ ፊልም ሽቦዎቹ በጉም ተሸፍነዋል። በእሱ አንድ በአንድ ይታያሉ። ፊልሙን ጉም ያለበሰው የኬሚካሉ መሞቅ ነበር፤ ጣቴ የአገሩን ሙቀት ለምዶ ኖሯል።

ዶክተሯ ለቁልፉ እጇን ዘረጋች።

"ይቆይ፣ ዶክተር" አለ ዮናስ። "ይህን ክፍል ከጋሽ ማርቆስ በላይ የሚያውቀው የለም። የጎደላቸው ቴርሞሜትር ብቻ ነው።"

ቁልፉ እኔው ጋ ቀረ። ከሳቁ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። በእውቀቱ መቅናቴ ሳያንስ በደግነቱም ቀናሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የፕላስቲኩን ምስል ከምን ጋር እንደምታወዳድረው ብጠይቃት፣ ባለሙያዋ አልጋው ላይ እያስተኛችኝ "አባባ፣ ይህን ሥራ ከየት ያውቁታል?" አለችኝ።

"ማሽን መፈተንን በዚህ ከተማ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። የዮናስ ስም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። "አይንቀሳቀሱ" ስትለኝም እፎይ አልኩ፤ ያልኩትን ማረም አይጠበቅብኝም። እውነቱን አሁን እዚህ ጽፌዋለሁ። ለእሷ ግን አልነግራትም።